ኮንታክሱን በየቀኑ ልያዘው ወይስ ላስቀምጠው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፎቶግራፍ

መልሱን የሚሰጡት ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት የነበራቸው የአምዱ አዘጋጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ነኝ። ውጭ አገር የሚኖረው አጎቴ ለፋሲካ ሲመጣ ሲሠራበት የኖረውን ኮንታክስ ቲ2 የሚባል የፊልም ካሜራ ከአምስት ጥቅል ፊልም ጋር ሰጠኝ። «በየቀኑ ያዢው፣ እንዳታስቀምጪው» ብሎኛል። ሰዎች ዋጋውን ከነገሩኝ ወዲህ ግን ይዤው መውጣት ፈራሁ፤ አሁን በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እናቴ ደግሞ «ስልክ እያለሽ ይኼ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ትለኛለች። እውነት ለዕለት ተዕለት ፎቶ ይሆናል? እንዴትስ ልጠቀምበት? የእኛን አገር ብርድና ጉም መቼም ያውቁታል።

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትሽ ልክ ነው፤ ከነጠላው ፍቺና አውጪው።

የያዝሽው ዕቃ ከመነሻውም ለኪስ የታሰበ ነው። የጃፓኑ ኪዮሴራ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲያወጣው ትልቅ ካሜራ መሸከም የሰለቸውን ባለሙያ አስቦ ነው። አካሉ ታይታኒየም፣ ሌንሱ የጀርመኑ ካርል ዛይስ ሶናር፣ 38 ሚሊ ሜትር ሆኖ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው እስከ 2.8 የሚከፈት (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፤ ዓይንሽን የምታስጠጊበት መስኮት ሰንፔር፣ ፊልሙን ከኋላ ደግፎ ቀጥ የሚያደርገው ሰሌዳ ሴራሚክ። ይህ ሁሉ ተደምሮ 300 ግራም አይሞላም። እንዲህ አጠንክረው የሠሩት በየቀኑ እንዲነካ ነው። ደግሞም ሞተር ያለው ዕቃ ነው፤ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ከከረመ አንድ ቀን ስታበሪው ሌንሱ አልወጣም ሊልሽ ይችላል።

የሚያስፈራው መውደቁ ነው። ኪዮሴራ ከካሜራ ሥራ እንደሚወጣ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ የሚገኘው ባብዛኛው ከሌላ ከሞተ ካሜራ ላይ ተነቅሎ ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን እጅሽ ላይ ሳታጠልቂ ካሜራውን ከቦርሳ አታውጪ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቺው። የገበያ ቀን ደግሞ አንገትሽ ላይ አንጠልጥለሽ አትዙሪ፤ ከጋቢሽ ሥር ይሁን፣ አውጥተሽ አንሥተሽ መልሺው። ለዚህ ነው ትንሽ የሆነው።

ለእናትሽ የምመልሰው አለኝ። እኔም ስልክ አለኝ፤ ማታ ማታ ስልኩ ይበልጣል፣ ለአጎትሽ ፎቶ ለመላክም ይበልጣል። ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ፎቶ ቤት ስሠራ አሮጌ ኔጌቲቭ በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተው «አባቴ እዚህ ውስጥ አለ፣ አውጣልኝ» የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። አውጥቼም ሰጥቻለሁ። ስልኩ የተሰረቀበት ሰው መጥቶ ተመሳሳይ ነገር ሲለምነኝ ግን «እግዜር ይስጥህ» ከማለት ሌላ ምንም አልነበረኝም።

አሁን ወደ ብርሃኑ እንምጣ፤ መሐል ሜዳ ላይ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የተቀመጣችሁት፤ ፀሐዩ ሲወጣ ዓይን ይወጋል። የቲ2 ሻተር፣ ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው በር፣ ደግሞ ከአንድ 500ኛ ሰከንድ በላይ አይፈጥንም። አጎትሽ የሰጠሽ ፊልም ባለ 400 ከሆነ (ቁጥሩ የፊልሙ ፍጥነት ነው፤ ሲጨምር በትንሽ ብርሃን ይሠራል)፣ በጠራራ ፀሐይ የሚፈልገው አፐርቸር፣ ያ የሌንሱ ቀዳዳ፣ 16 ላይ ሆኖ በአንድ 400ኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ካሜራው አቅሙ አለቀ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሸሽበት የለውም። ፎቶው አይበላሽም፣ ኔጌቲቭ ፊልም ትርፍ ብርሃን ይችላል። ነገር ግን ሁሉንም ነገር በ16 ካነሣሽ ከፊት ያለው ድንጋይም፣ ሰውየውም፣ ከጀርባው ያለው ተራራም እኩል ይጠራል፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበት ሌንስ ችሎታውን የሚያሳይበት ዕድል አያገኝም።

ስለዚህ ለበጋ ባለ 200 ፊልም አድርጊ፤ ኮዳክ ጎልድ 200 ይበቃል፣ ከሱ ውድ የሆነ አያስፈልግሽም። በፀሐይ በሌንሱ ዙሪያ ያለውን የአፐርቸር ቀለበት 11 ላይ አድርጊው። ሰው ስታነሺ ግን ወደ ቤቱ ጥላ ወይም ወደ አጥሩ ሥር አስጠጊውና 5.6 ላይ አንሺ፤ ያኔ ፊቱ ከጀርባው ተለይቶ ሲወጣ ታያለሽ። ባለ 400ውን ለክረምት፣ ለጉምና ለቤት ውስጥ አቆዪው። ማሰብ የማትፈልጊበት ቀን ቀለበቱን 2.8 ላይ ተዪው፤ እዚያ ላይ ሲሆን ካሜራው ራሱ ይመርጣል። አንድ ነገር ልብ በዪ፦ የፊልሙን ፍጥነት ካሜራው የሚያነበው ከቆርቆሮው ላይ ካለው ኮድ ነው፤ አንቺ በእጅሽ አትለውጪውም። ሰው በእጁ የጠቀለለው ኮድ የሌለው ፊልም ቢሰጥሽ ካሜራው 100 ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

ሌላው የአገራችን ጣጣ ነጭ ልብስ ነው። ጥምቀት ላይ ታቦቱን የሸኘውን ሕዝብ አንሥተሽ ነጠላው ሁሉ አመድ ሲመስል ብታዪ አትደንግጪ። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ነው የሚገምተው፤ ነጭ ሲበዛበት «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፣ የምእመኑም ፊት ይጠቁራል። የብርሃን ማካካሻውን ወደ +1 አዙሪው። የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ሜዳውን ውርጭ ሲያለብሰውም እንዲሁ። ስትጨርሺ ወደ ዜሮ መመለስሽን አትርሺ፤ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው።

ፎከሱ መሐል ላይ ነው የሚይዘው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው መሐላቸው ክፍት ከሆነ ካሜራው በመሐላቸው አልፎ ከኋላ ያለውን ተራራ ይይዛል፤ ሙሽራና ሙሽሪት ደብዝዘው ተራራው ጥርት ብሎ ይመጣል። አንዱን ሰው መሐል አድርጊና ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጭነሽ ያዢ፣ ጣትሽን ሳታነሺ ካሜራውን ወደምትፈልጊው መልሺ፣ ከዚያ ጨርሰሽ ተጫኚ። ከ70 ሴንቲ ሜትር በታችም አትጠጊ፤ የሕፃን ጣት ላነሣ ብለሽ አፍንጫው ድረስ ብትሄጂ አይሆንልሽም።

ብርዱን በተመለከተ፣ ሲአር 123ኤ የሚባለው ባትሪ ከሌለ ይህ ካሜራ ፈጽሞ አይሠራም፤ ሌንሱም አይወጣም። ሱቅ ሁሉ የሚያስቀምጠው ባትሪም አይደለም። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስታገኚ ሁለት አስመጪና አንዱን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ። በውርጭ ማለዳ ካሜራው ከውጭ ቦርሳ ይልቅ ከሹራብሽ ሥር ይሁን፤ ብርድ የባትሪን አቅም ያደክማል። ከውጭ ስትገቢ ደግሞ ቡና የሚፈላበት፣ እንፋሎቱና ጭሱ የሞላበት ቤት ውስጥ ወዲያው አታውጪው። በር ላይ ሳለሽ ፌስታል ውስጥ አድርገሽ እሰሪው፤ ጤዛው ሌንሱ ላይ ሳይሆን ፌስታሉ ላይ ያርፋል። ቤቱን እስኪለምድ ቡናሽን ጠጪ።

ምን ልታነሺበት እንደምትችይ ደግሞ ልንገርሽ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ አታውጪው። የታመመ ሰው እሺ ቢልሽም እሺታው ነርሷን ፈርቶ ሊሆን ይችላል። መንገዱ ይበቃሻል፦ እየሄዱ የበግ ፀጉር የሚፈትሉት ሴቶች፣ ባና የሚሸምነው ሰው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ኩበት፣ ገብስ የምትቆላው እናትሽ። እሷን ቶሎ አንሻት፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል። መንዝ ጓሳ ወጥተሽ ጭላዳ ላነሣ ብትዪ ግን በ38 ሚሊ ሜትር ሌንስ ዝንጀሮው ሣሩ ውስጥ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይመጣል፤ ቀይ ቀበሮውንማ ተዪው። እዚያ የሚያምረው ሣሩና ሰዉ ነው። ያንን ጓሳ በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ሣሩን አጭዶ ተሸክሞ የሚመለሰውን ሰው በጉም ውስጥ ብታነሺ እኔ አምዱ ላይ እንዲወጣ እጠይቅልሻለሁ።

ፊልሞችሽ ባለ 36 ፖዝ ከሆኑ በወር አንድ ጥቅል ይበቃሻል። ቀለም ፊልም በቤት ውስጥ ለማጠብ አትሞክሪ፤ አልሚው፣ ምስሉን የሚያወጣው ኬሚካል፣ 37.8 ዲግሪ ላይ ለሦስት ደቂቃ ከሩብ መያዝ አለበት፣ ሙቀቱ ከዚያ ትንሽ ከተዛነፈ ቀለሙ ይዛባል። የቀለም ፊልም ማጠቢያ የነበራቸው ፎቶ ቤቶች ብዙዎቹ ማሽኑን አውጥተዋል፤ አዲስ አበባ አሁንም ከሚያጥበው ዘንድ ሰብስበሽ ላኪ። አጎትሽ ሌላ ፊልም ሲልክልሽ ደግሞ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ በእጅ እንዲፈተሽለት ይጠይቅ። ሻንጣን በጨረር የሚያዩት አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልምን በአንድ ዙር ሊያጨልሙት ይችላሉ፤ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ መክተትም አያድነውም። ኔጌቲቩ ታጥቦ ሲመለስ እንዲቆራርጡት እንጂ እንዲጠቀልሉት አትፍቀጂ፣ ፖስታው ላይም ወሩንና ቦታውን በእስክሪብቶ ጻፊ።

ጥያቄ፦ በሸዋ ሮቢት መምህር ነኝ። ስለነዚህ ውድ የኪስ ካሜራዎች ብዙ ሰምቻለሁ፤ ዋጋቸው ግን የእኔ አቅም አይደለም። ርካሽ የሆነ፣ ግን ቀልድ ያልሆነ ምን አለ? ጥቁርና ነጭ ፊልም ራሴ ለማጠብም አስባለሁ፤ ሙቀቱ ያስቸግረኝ ይሆን?

መልስ፦ መምህር፣ ኦሊምፐስ ኤክስኤን ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ፣ ማይታኒ ዮሺሂሳ የሚባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ የነደፈው ነው። ሌንሱ 35 ሚሊ ሜትር፣ 2.8፤ ርቀቱን ራስዎ በመስኮቱ ውስጥ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች አገጣጥመው ያስተካክላሉ፣ የፊልሙንም ፍጥነት ራስዎ ይሞላሉ። የሚሠራው በሁለት ትንንሽ የቁልፍ ባትሪ ነው፣ ሰዓት አዳሽ ዘንድ እንደሚገኘው ዓይነት። ዋጋው ከኮንታክስ ጋር አይወዳደርም፤ በእኔ ግምት ለአስተማሪ ቤት ከኮንታክሱም ይሻላል፣ ምክንያቱም ሲያነሡ ምን እንዳደረጉ ያውቃሉ። ያለ ባትሪ ጭምር የሚተኩስ ከፈለጉ ሮላይ 35 አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው፤ ሻተሩ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው፣ ባትሪው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው። ርቀቱን ግን በዓይን መገመት አለብዎት። ሁለቱንም ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ከፍተው ያለ ፊልም ይተኩሱና ወደ ብርሃን አንጋጠው ሻተሩ ሲከፈት ይዩ፤ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካዩ ገንዘብዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ።

ማጠቡን በተመለከተ እኔና እርስዎ በተቃራኒ ነን፤ እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ አሞቃለሁ፣ እርስዎ ያቀዘቅዛሉ። ኢልፎርድ ኤችፒ5 የተባለውን ጥቁርና ነጭ ፊልም አይዲ-11 በተባለው አልሚ አንድ ለአንድ በውሃ አቅጥነው ቢያጥቡ በ20 ዲግሪ 13 ደቂቃ ነው። ውሃዎ ከዚያ ከሞቀ ጊዜው ያጥራል፤ ከአምስት ደቂቃ በታች ከወረደ ግን ፊልሙ ላይ እኩል ያልሆነ ዝንጉርጉር ይመጣል። የአልሚውን ጠርሙስ ከእንስራ በተቀዳ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ሌሊቱን ያሳድሩትና በማለዳ ይጠቡ፤ ቴርሞሜትር ሳይገዙ ግን አይጀምሩ። ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካልና ማጠቢያው ውሃም ከአልሚው ጋር የተቀራረበ ሙቀት ይኑረው። ያልተተኮሰውን ፊልም ባጃጅ ወይም መኪና ውስጥ ትተው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና። ፎከሱን ራሱ በሚያስተካክል የኪስ ፊልም ካሜራ ከአውቶቡስ መስኮት የማነሣው ገደል ሁሉ ለምን ይደበዝዛል? ጣርማበር ላይ ከዋሻው ወጥተን ስንወርድ ያለውን ማለቴ ነው።

መልስ፦ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ካሜራዎች ርቀትን የሚለኩት የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ወርውረው ሲመለስ በመቀበል ነው። መስኮቱ መስተዋት መልሶ ሲያነጥርባቸው ገደሉ አጠገባቸው ያለ ይመስላቸዋል። የተራራ ምልክት ያለበት ቁልፍ ካለው እሱን ተጫን፤ ኮንታክስ ቲ2 ከሆነ መዘውሩን ከራስ ሰር ወደ ማለቂያ አልባው ምልክት አዙረው። ሌንሱን ወደ መስተዋቱ አስጠጋው፣ ግን አታስነካው፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ይተላለፋል። ፍላሹንም አጥፋ። ባለ 400 ፊልም ብትጭን ሻተሩ ይፈጥንልሃል። መስኮት ክፈቱ ማለቱንስ አትሞክረው፤ «ንፋስ ገባ!» ብሎ አውቶቡሱ ሙሉ ይጮህብሃል።