ያልጨመርኩት ጭማሪ

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ «ባዮአክቲቭ መስታወት ላይ ምን ብጨምር ይሻላል?» ትሉኛላችሁ፤ ሰውነት ውስጥ ከአጥንት ጋር በሚያያዘው መስታወት ላይ ማለታችሁ ነው። አንዱ ስትሮንቲየም ያስባል፣ ሌላው ብር፣ ሌላው መዳብ። እኔ ደግሞ መልሴን ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ወጣት ሳለሁ የመጀመሪያዬን 45ኤስ5 አቀለጥኩ። ላሪ ሄንች እ.ኤ.አ. በ1969 ፍሎሪዳ ውስጥ የሠራው፣ ከአጥንት ጋር ተጣብቆ አልላቀቅም ያለው መስታወት ነው። አሠራሩ አጭር ነው። በክብደት 45 በመቶ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን)፣ 24.5 የሶዲየም ኦክሳይድ፣ 24.5 የካልሲየም ኦክሳይድ፣ 6 የፎስፈረስ ኦክሳይድ። ሁሉንም በጥንቃቄ መዘንኩ። የፕላቲኒየም ክሩሲብል (ማቅለጫ ዕቃ) ውድ ነበርና በአሉሚና፣ ማለትም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ፣ ክሩሲብል አቀለጥኩት። ከዚያ የሰውነት ፈሳሽን በሚመስል ጨዋማ ውሃ፣ በ37 ዲግሪ ነከርኩት። በቀናት ውስጥ ፊቱ ላይ አፓታይት መውጣት ነበረበት፤ የአጥንታችን ማዕድን ማለት ነው። ሳምንት አለፈ። ሁለተኛው ሳምንትም አለፈ። ወፍ የለም።

ውሃውን ጠረጠርኩ። ቴርሞሜትሩን ጠረጠርኩ። ለካ ጥፋቱ የክሩሲብሉ ኖሯል። ሶዲየም የበዛበት ቅልጥ አሉሚናውን እየበላ ወስዶታል። አሉሚኒየም የሲሊካውን መረብ ያጠብቃል፤ ጥቂት በመቶ ብቻ ከገባ መስታወቱ ከአጥንት ጋር መያያዙን ይተዋል። ደብተሬ ላይ የተጻፈው አራት ነገር ነው። መስታወቱ ውስጥ የነበረው አምስት።

ከዚያ ወዲህ «የተረጋጋ መስታወት» ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል። የመስኮት መስታወትም የተረጋጋ ነው፤ ለአጥንት ግን አይፈይድም። የእኛው ሥራው መሟሟት ነው። ሶዲየሙና ካልሲየሙ ሲወጡ ነው አፓታይቱ የሚገነባው። ዚንክ በልኩ ሲሆን አጥንት ሠሪ ሴሎችን ያግዛል፤ ሲበዛ መሟሟቱን ያዘገያል፣ ሴሎቹንም ይጎዳል። ቦሮን ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሲሊካውን ሲተካ መስታወቱ ቶሎ ይሟሟል።

በእሳት ፊት መረጋጋት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ባለ ቀዳዳ ቁራጭ ለመሥራት የመስታወቱን ዱቄት በጥብጣችሁ ስፖንጅ ትነክሩበታላችሁ፣ ከዚያ እቶን ውስጥ። ስፖንጁ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ መስታወቱ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። 45ኤስ5 ግን ዱቄቱ በደንብ ሳይጣበቅ ክሪስታል መሆን ይጀምራል፤ ግድግዳው በጣት ይፈረፈራል። 13-93 በተባለው መስታወት ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ማግኒዥየም እዚህ ላይ ይጠቅማሉ። ክሪስታሉ ይዘገያል፣ ዱቄቱም ለመጣበቅ ፋታ ያገኛል። በምትኩ አጥንት ላይ ያለው ምላሽ ከ45ኤስ5 ይዘገያል። በነጻ የሚገኝ ነገር አላየሁም።

ቀዳዳን በተመለከተ፣ እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል። አብሲት ካልተጣለበት ዓይኑ አያምርም። በሶል-ጄል መንገድ፣ ማለትም መስታወቱን ከማቅለጥ ይልቅ ፈሳሹን ጄል አድርገን ስናረጋ፣ አብሲታችን ሳሙና መሰሉ ሰርፋክታንት ነው። ሞለኪውሎቹ ተሰባስበው ጥቃቅን ዘንጎች ይሆናሉ፤ ጄሉ በዙሪያቸው ይረጋል፤ ሲቃጠሉ ቦታቸው ባዶ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻይናውያን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ 5 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆኑ ቀዳዳዎች አወጡ። አንድ ግራም ዱቄት በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ገጽ አገኘ!

ታዲያ «ቀዳዳ አለው» ብላችሁ ስትመጡ የትኛው ቀዳዳ እላችኋለሁ። በ5 ናኖሜትር ቀዳዳ መድኃኒት ይገባል፤ ሴል ግን ከሺህ እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። አጥንትና የደም ሥር እንዲገቡ ከ100 ማይክሮሜትር (ከሚሊሜትር አንድ አሥረኛ) የሚበልጥ፣ እርስ በርሱ የተገናኘ መንገድ ያስፈልጋል። የምትጨምሩትን ብረት፣ መዳብም ይሁን ብር፣ ስታበዙ ደግሞ የትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሥርዓት ይፋለሳል። እሳቱ ከበረታ ቀዳዳው ይዘጋል። ከሳሳ ያልተቃጠለ ሰርፋክታንት፣ አንዳንዴም ከጥሬ ዕቃው የተረፈ ናይትሬት ይቀራል፤ ሴሎቹ ሲሞቱባችሁ የጨመራችሁትን ብረት ትወቅሳላችሁ። እኔ ውሃውን እንደወቀስኩት መሆኑ ነው።

ስለዚህ ምንም ሳትጨምሩ አንድ ዙር ሥሩ፤ በዚያው ዕቃ፣ በዚያው እሳት። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ከዚያ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ፤ ያለቀለትን መስታወት ደግሞ አስመርምሩ እንጂ የመዘናችሁትን ብቻ አትመኑ።

በቀደም አንድ ተማሪ መዳብ የገባበት ደስ የሚል ሰማያዊ መስታወት ይዞልኝ መጣ። «ጋሼ፣ አፓታይት እምቢ አለኝ» አለ። በምን አቀለጥከው አልኩት። ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ።