ሁሉም ተራራ ሲወጣ እኔ ወጥ ቤት

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ከባለቤቴ ቤተሰቦች ጋር ሆነን ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው የእንግሊዝ ተራራማ አካባቢ፣ ካስልተን መንደር አጠገብ፣ ኮቴጅ እንከራያለን፤ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ። የድንጋይ ቤት ነው፣ ፊት ለፊቱ በጎች ይግጣሉ፣ ሲያዩት ደስ ይላል። ግን ምግብ የሚያቀርብ የለም፣ አብስሎ መብላት ነው። አብሳይዋ ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነኝ።

ጊዜው ፍልሰታ ስለሆነ ለአማቴ የጾም፣ ለልጆቹ የፍስክ፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ወጥ ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሽንኩርት ሳቁላላ የጭስ አላርሙ ይጮህና መስኮት ልከፍት እሮጣለሁ። እንጀራውን ከለንደን ጭኜ የምመጣ እኔ፣ በመጨረሻው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ቤቱን አጽድቼ ቁልፍ የማስረክብ እኔ። ዋርሳዬ ቁርሷን በልታ «እጅሽ ይባረክ» ትልና ጫማዋን ታስራለች። ተያይዘው ማም ቶር የሚባለውን ተራራ ይወጣሉ። ማታ ርቧቸው ይገባሉ፣ ፎቶ ያሳዩኛል።

ወጪውም ቀላል አይደለም፤ ኪራዩን እኩል ነው የምንካፈለው። አምና ልጄ ራሷ መርጣ ያስገዛችኝ የተራራ ጫማ እንኳ አንድ ቀን ሳታደርገው ጠበባት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ቀርታ ሽንኩርት ትልጥልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ታናሽ ወንድሟ ከአባቱ ጋር ይሄዳል።

ዘንድሮ በቃኝ። ቀሪውን ክፍያ እስከ ዓርብ ክፈሉ ተብለናል። ድርሻችንን ባልልክና እኔ ለንደን ብቀር ክፉ ምራት ያሰኘኛል?

ትዕግሥቷ ያለቀ፣ ከለንደን

እህቴ፣

የዋርሳሽን ነገር ለጊዜው ተይው። እኔን የያዘኝ ያ ጫማ ነው። ልጅ የተራራ ጫማ መርጣ የምታስገዛው ተራራ መውጣት ስለፈለገች ነው። ከዚያ ሽንኩርት ስትልጥ ሳምንቱ አለቀ። ማን ቅሪ አላት? ደብዳቤሽ ውስጥ «አልሄድም አለች» የሚል ቃል የለም። እናቷ ብቻዋን ስትቀር አንጀቷ አልችል ብሎ ነው የቀረችው። ከወንድሟ ግን ይህን የጠበቀ የለም፣ አንቺም ጭምር። በዚህ እቆጣሻለሁ። አንቺን ያንገበገበሽን ነገር በገዛ እጅሽ ለልጅሽ እያወረስሽ ነው፣ እየመረቅሻትም።

ያ አገር እንዲህ እንደልብ የሚኬድበት አልነበረም። ከማም ቶር ላይ ሆነው ወደ ሰሜን ሲያዩ ኪንደር ስካውት የሚባለው ጋራ አለ። ባለርስቶች ለአደን ብለው ሰው እንዳይደርስበት ከልክለውት ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1932 በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ የማንቸስተር አካባቢ ሠራተኞች፣ ክልከላውን ጥሰው ወጡበት፤ አምስቱ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። በ1951 አካባቢው የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሰው የታሰረለትን መንገድ ልጅሽ በወጥ ቤት መስኮት ነው የምታየው።

ስለዚህ ክፈዪ፣ ሂጂም። አንቺ ለንደን ብትቀሪ ድስቱን የሚረከብሽ ማን ይመስልሻል? እሷው ናት።

ከመክፈልሽ በፊት ግን ዛሬ ማታ ባለቤትሽን አስቀምጪው። ስለ እሱ ምንም አለመጻፍሽን ታዝቤያለሁ። የፍስኩ ድስት ከእንግዲህ የሱና የእህቱ ነው በይው። እንቁላል ይጥበሱ፣ ካስልተን ወርደው ፐብ ይብሉ፣ እነሱ ያውቃሉ። ጽዳቱም ለሁሉም ይከፋፈል። የአማትሽን ሽሮና ምስር ለንደን ሠርተሽ ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው፤ እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው። እሳቸውን መጦር ወጋችን ነው፣ አልነካውም። ዋርሳሽን መጦር ግን የትም አልተጻፈም።

ለልጅሽ እግሯን አስለክተሽ ሌላ ጫማ ግዢላት፣ ለራስሽም። በደረሳችሁ በነጋታው፣ እሑድ፣ ሁለታችሁ ውጡ። ማም ቶር 517 ሜትር ነው፣ ከመኪና ማቆሚያው በኩል እስከ ጫፉ ድንጋይ የተነጠፈበት መንገድ አለው፣ አያቅትሽም። ነሐሴ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ እዚያ ዝናቡ ድንገት ነው፣ የሁለታችሁንም የዝናብ ልብስ ያዢ።