መልስ፦ ቻርሊ ሚስቱን ገድሏታል?
ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ስኮት ፊትዝጀራልድ አጭር ልቦለድ «ባቢሎን ሪቪዚትድ» ነው የጠየቅከው፤ የዋናው ገጸ ባሕርይ የቻርሊ ሚስት ሄለን የሞተችው በእሱ ጥፋት ነው ወይ ብለህ። በሐኪም ቋንቋ ከሄድን፣ አይደለም። ሄለን የሞተችው በኋላ በልብ ሕመም ነው።

ግን ያቺን የየካቲት ሌሊት ተመልከታት። ፓሪስ፣ 1929፣ ገንዘቡም መጠጡም እንደ ውሃ የሚፈስበት ጊዜ። ተጣሉ፣ እሷ በሰው ፊት አንዱን ወጣት ሳመች፣ እሱ ብቻውን ቤት ገብቶ በንዴት በሩን ቆለፈው። ከአንድ ሰዓት በኋላ እሷ በበረዶ፣ በስስ ጫማ፣ ታክሲ መፈለግ እንኳ ጠፍቷት ስትንከራተት ነበር። ከሳምባ ምች ለጥቂት ተረፈች። ታረቁ፣ ግን የአፍ እርቅ ነው። እህቷ ማሪዮን ደግሞ በጠዋት በስብሳ እየተንቀጠቀጠች በሯን ያንኳኳችውን ሄለንን እስካሁን አልረሳችም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልረሳም ነበር።

ደራሲው ጎበዝ የሆነብኝ ስካሩን ራሱን ብዙ ስለማያሳየን ነው። እኛ የምናገኘው ቻርሊ በቀን አንድ ብርጭቆ ብቻ የሚጠጣ፣ ማሪዮን ዘንድ ያለችውን ልጁን ኦኖሪያን ለመውሰድ የመጣ ጨዋ ሰው ነው። ሊሳካለት ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁለት የድሮ ጓደኞቹ ሰክረው ማሪዮን ቤት ከች ይላሉ። አድራሻውን ከየት አገኙት? የመጀመሪያውን ገጽ መልሰህ አንብበው፦ ለባሩ አስተናጋጅ ጽፎ የሰጠው ራሱ ቻርሊ ነው።