ሬዚስተሩ በየትኛው ጫፍ ይግባ?

ጥያቄ፦ በሠራሁት ቦርድ ላይ ማይክሮኮንትሮለሩ ከሜሞሪ ቺፑ ጋር የሚገናኘው 15 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙ መስመሮች ነው። ክሎኩ (የሥራውን ምት የሚሰጠው ሲግናል) 4 ሜጋኸርዝ ብቻ ቢሆንም ዳታው አልፎ አልፎ ይበላሻል። በኦሲሎስኮፕ ሳየው 3.3 ቮልት መሆን የሚገባው የክሎክ ሲግናል ወደ 5 ቮልት ዘሎ ይርገበገባል። ጓደኛዬ በሜሞሪው እግር አጠገብ 33 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ እንዳስገባ መክሮኛል። ያዋጣል?
የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ

መልስ፦ መጠኑ ጥሩ ግምት ነው፤ ቦታው ግን ተስቷል። የክሎኩ ሬዚስተር መግባት ያለበት ሲግናሉን በሚልከው በማይክሮኮንትሮለሩ እግር ሥር ነው። የሜሞሪው መግቢያ ከረንት የሚወስደው እጅግ ጥቂት ስለሆነ እዚያ የተቀመጠ ሬዚስተር ነጸብራቁን፣ ማለትም ከመስመሩ ጫፍ ተመልሶ የሚመጣውን ሞገድ፣ አያስቀረውም።

ጣጣውን የሚያመጣው የክሎኩ ድግግሞሽ ሳይሆን ሲግናሉ ከዜሮ ወደ 3.3 ቮልት የሚወጣበት ፍጥነት ነው። የዛሬ ቺፖች ይህን በ1 ናኖሰከንድ ገደማ ሊፈጽሙት ይችላሉ፤ በተለመደው ቦርድ ላይ ደግሞ ሲግናል በዚያው ጊዜ የሚጓዘው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ነጸብራቁ ወደ ላኪው የሚመለሰው ሲግናሉ ወጥቶ ካበቃ በኋላ ነው።

የመስመሩ ኢምፒዳንስ (በመስመሩ ለሚጓዝ ሞገድ የቮልቴጁና የከረንቱ ጥምርታ) 50፣ የላኪው የውስጥ ሬዚስታንስ 17 ኦም ነው እንበል። በመስመሩ የሚሄደው ሞገድ 2.46 ቮልት ይሆናል፤ ሜሞሪው ጋ ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ቮልቴጁን ወደ 4.9 ያደርሰዋል፤ በኦሲሎስኮፑ ያዩት ይህንኑ ነው። የተመለሰው ሞገድ ግማሽ ያህሉ ላኪው ዘንድ ምልክቱን ቀይሮ እንደገና ስለሚነሣ፣ በሜሞሪው በኩል ቮልቴጁ ወደ 2.5 ይወርዳል። ክሎኩ ሲወርድም እንዲሁ ስለሚርገበገብ ሜሞሪው አንዱን ምት ሁለት ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። 33 ኦም ሲጨመር ግን ድምሩ ልክ እንደ መስመሩ 50 ስለሚሆን የሚላከው 1.65 ቮልት ብቻ ነው፤ ይህ በመስመሩ መጨረሻ እጥፍ ሆኖ ልክ 3.3 ይሆናል፣ የሚመለሰውም ላኪው ጋ ተውጦ ይቀራል። በመስመሩ መሐል ሌላ ቺፕ ካለ ግን ይህን ዘዴ አልመክርም፤ ያ ቺፕ ነጸብራቁ እስኪመለስ ድረስ የሚያየው ግማሹን ቮልቴጅ ነው።

17 ኦም ግምት ስለሆነ 22ንም 47ንም ይሞክሩ። ሲለኩ የፕሮቡን ረጅም የግራውንድ ሽቦ አይጠቀሙ፤ እሱ ራሱ የሌለ መርገብገብ ያሳያል።

ሜሞሪው ዳታ በሚልክበት መስመር ላይ ግን ላኪው እሱ ስለሆነ፣ የጓደኛዎ ምክር እዚያ ይሠራል።