ቴአትሬን ፊልም እናድርገው አሉኝ፣ ልሽጥላቸው?

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

አምድዎን ከድሮ ጀምሮ አነባለሁ። ብዙ ሰው የሚጽፍልዎ ስለ ትዳር ነው፣ የእኔ ትንሽ ለየት ይላል። ቢሆንም የሚሰማኝ ሰው ስላጣሁ ጻፍኩ።

የተመረቅኩት በቴአትር ጥበባት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ መጽሔት ሳዘጋጅ ቆየሁ፣ ማታ ማታ ደግሞ እጽፍ ነበር። አንድ ሙሉ ተውኔት ጨረስኩ። ግምገማ ገባ፣ ተመለሰ፣ አስተካከልኩ፣ እንደገና ገባ፣ በስንት መከራ አልፎ መድረክ ላይ ወጣ። የተሰጠን የሥራ ቀን ነበር። አዳራሹ ሞልቶ አያውቅም፣ የመጣው ሰው ግን ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ሲያልቅ በር ላይ ጠብቆ የሚያቅፈኝም ነበር። ገንዘቡን ግን አይጠይቁኝ፤ ከትኬት የደረሰኝ ድርሻ የታክሲዬን እንኳን በወጉ አልሸፈነም።

በኋላ አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሌሎች ጸሐፊዎች ጋር እንድሠራ ተጠራሁ። ደመወዝ አለው፣ የቤት ኪራይ በሰዓቱ መክፈል ጀመርኩ። ግን ምን ልበልዎ ጋሼ፣ ማክሰኞ የጻፍኩት ሐሙስ ይቀረጻል። ተዋናዩ አሜሪካ ሲሄድ ገጸ ባሕርዩን እንገድለዋለን። ስፖንሰር ሲመጣ እናትየዋ ወጥ እየሠራች የዘይቱን ስም ጠርታ እንድታመሰግን እጽፋለሁ። ስሜ መጨረሻ ላይ ብልጭ ብሎ ያልፋል፣ እናቴ መነጽሯን እስክታደርግ ሄዷል።

አሁን ደግሞ ሦስተኛው መጣ። ቴአትሬን ያየ አንድ ፕሮዲዩሰር ፊልም እናድርገው አለኝ። ተውኔቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ የሚያልቅ ነው። አንዲት እናት አለች፣ ሁለት ሴት ልጆች አሏት፣ ጅዳ ያለው ወንድ ልጇ የሚሰማው በስልክ የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። መሃል ላይ እናትየዋ ምስር እየለቀመች የምታወራው ረጅም ንግግር አለ፣ ሰው ሁሉ የሚያነሳልኝ እሱን ነው። ፕሮዲዩሰሩ ምን አለኝ መሰለዎ፦ «ንግግሩ ይውጣ፣ ትንሿን ልጅ የሀብታም ልጅ ይውደዳት፣ ላንጋኖ ሁለት ሦስት ሲን እንቅረጽ፣ ኮሜዲ ይሁን፣ አሁን የሚሄደው እሱ ነው።» ሙሉ መብቱን በአንድ ጊዜ ክፍያ ልግዛሽ ይላል፣ ገንዘቡ የብዙ ወር ደመወዜ ነው። ወረቀት የለም፣ የተነጋገርነው ካፌ ቁጭ ብለን ነው። ውል ሳነሳ «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ አንድ መምህር ይህን ሲሰሙ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፣ አንቺ ደግሞ ሦስት አማረሽ» አሉኝ። እንቅልፍ ነሳኝ። እውነት አንዱን መምረጥ አለብኝ? ቴአትሬን ልሽጠው? ቲቪውስ እጄን እያበላሸብኝ ይሆን?

ሦስት ዛፍ ላይ ያለሁት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እሺ ልጄ፣ ከመምህርሽ ልጀምር።

ተረቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንቺ ላይ አይሠራም። በእኛ አገር መድረኩ፣ ቴሌቪዥኑና ፊልሙ መቼ ተለያይተው ያውቃሉና? የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። ቴሌቪዥን በ1957 ሥርጭት ጀመረ፣ የመጀመሪያው ረጅም ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው»ም የመጣው እዚያው 1957 ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ድራማ ሲያምረው ሰው የወሰደው ከቴአትር ቤት ነው፣ ከየት ሌላ ያመጣል? ኃይሌ ገሪማ አሜሪካ ሲሄድ መጀመሪያ ቺካጎ የገባው ቴአትር ሊማር ነበር፣ ወደ ፊልም የዞረው በኋላ ሎስ አንጀለስ ነው። ፊልሙ «ጤዛ» በ2008 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ላይ ከዳኞች ልዩ ሽልማት ሌላ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትም ወስዷል። ቅርባችን ደግሞ አዜብ ወርቁ አለችልሽ፤ «ስምንቱ ሴቶች»ን ለመድረክ የተረጎመች፣ የቴሌቪዥን ድራማውን «እረኛዬ»ን ከጻፉት አንዷ ናት። እግሯ ሲሰበር አላየንም።

እርግጥ መምህርሽን ትንሽ ይገባኛል። የሚፈሩት ሦስቱን እንደ አንድ አድርጎ መጻፍን ይመስለኛል፣ እሱ እውነትም ያስፈራል። ቲቪ የሚመስል ቴአትር ሞልቷል፣ ቴአትር የሚመስል ፊልምም እንደዚያው፤ ተዋናዩ ካሜራው አፍንጫው ሥር ቆሞ ለሰገነት ተመልካች ይጮሃል።

ስለዚህ የትኛውን ትምረጪ ከሚለው ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስትጽፊ ተመልካቹን የት አስቀምጠሽው ነው?

ምስር የምትለቅመውን እናት እንያት። መድረክ ላይ ከሆነች፣ የመጨረሻው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ምስሩን አያየውም። ሰፌዱን ያያል፣ ስትነቀንቀው ኮሽታውን ይሰማ ይሆናል፣ ጣቷን ግን ፈጽሞ አያይም። ስለዚህ መናገር አለባት፣ በአፏ ያላወጣችው ነገር አዳራሹ ውስጥ የለም። ተዋናይዋም ያንን ንግግር ይዛ ሰውን ቀስ እያለች ትስበዋለች፣ አንዱ ሲያስል ትጠብቀዋለች፣ ሲስቁ ቆም ትላለች፣ በማግስቱ ተመልካች ያው ንግግር ሌላ ይሆናል። ሰው የሚያነሳልሽ ለዚህ ነው።

ፊልም ላይ ግን ካሜራው ሰፌዱ ውስጥ ይገባል። ጠጠሯ ትታየናለች። ስልኳ ጥሪ ሲያሰማ ጣቷ ቀጥ ይበል፣ ትክፈተው፣ የልጇ መልእክት ሳይሆን የቴሌ ማስታወቂያ ይሁን፣ ከዚያ ምንም ሳትናገር መልቀሟን ትቀጥል። አንድ ሙሉ ገጽ ንግግርሽ እዚህ አለቀ። እና ይቅርታ አድርጊልኝና ሰውዬው ንግግሩ ይውጣ ያለው ነገር አልከፋኝም። የከፋኝ በምትኩ ላንጋኖን ማምጣቱ ነው።

ቲቪ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ድራማውን የሚያየው ሰው እሱ ራሱ ምስር እየለቀመ ነው። ወይ ቡና እያፈላ ነው፣ ወይ ልጅ እያጠበ ነው፣ ወይ አንድ ዓይኑ ቲክቶክ ላይ ነው። ግማሹን የሚከታተለው በጆሮው ከማድቤት ሆኖ ነውና ያች ቀጥ ያለች ጣት ታመልጠዋለች። ስለዚህ ታላቂቱ ልጅ ትገባና «እማዬ፣ እሱ ነው እንዴ?» ትላለች፣ እናትየዋ «ቴሌ ነው» ትላለች፣ አለቀ። ሁለት አጫጭር መስመር ናቸው ግን ከማድቤት ይሰማሉ፣ ሆድም ይበላሉ። ይሄ ሙያ እንጂ ውርደት አይደለም። ማክሰኞ ጽፎ ሐሙስ ማስቀረጽ፣ ተዋናይ ሲጠፋ በአንድ ሌሊት ታሪኩን ማዞር፣ ገጸ ባሕርይ ገብቶ በሁለት መስመር ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ማድረግ፣ ይህን ሁሉ ዩኒቨርሲቲ አላስተማረሽም፣ ድራማው ግን ደመወዝ እየከፈለ እያስተማረሽ ነው። (የዘይቱን ምስጋና እንኳን በአንድ መስመር ጨርሺው እንጂ አትሞቺበት።)

እጅሽ ተበላሽቶ እንደሆነ ማወቅ ከፈለግሽ አዲስ ለመድረክ የጻፍሽውን አውጪና ጮክ ብለሽ አንብቢው። ሰዎችሽ የሚያደርጉትን ነገር እያደረጉ «አሁን እኮ ተናድጃለሁ» እያሉ የሚያስረዱ ከሆነ፣ አዎ፣ ቲቪው ተጋብቶብሻል። ያኔም ሥራ አትልቀቂ። ይልቅ ስሚኝና፣ በሳምንት አንድ ጠዋት ለመድረክ ብቻ የምትጽፊበት ይኑርሽ፣ ስልክም አታንሺ። ኪራይ እየከፈለ ያለው ማን እንደሆነ ራስሽ ነግረሽኛል።

አሁን ወደ ፊልሙ። ተውኔት ፊልም ሲሆን የብዙ ፕሮዲዩሰር የመጀመሪያ ሐሳብ «ወደ ውጭ እናውጣው» ነው። ሳሎን ያስጨንቃቸዋል። ፈረንሳዊው ፍሎሪያን ዜለር የመርሳት በሽታ የያዛቸው ሽማግሌ ላይ የጻፈውን ተውኔት በ2012 እ.ኤ.አ. ፓሪስ መድረክ ላይ አወጣ፣ በ2020 ራሱ ዳይሬክት አድርጎ «ዘ ፋዘር» በሚል ፊልም ሠራው። እና ምን አደረገ? አብዛኛውን ጊዜ አፓርታማው ውስጥ ቀረ። የቤቱን ዕቃና ቀለም ቀስ እያለ ይለዋውጠዋል፣ አንቺም እንደ ሽማግሌው የማን ቤት ውስጥ እንዳለሽ ይጠፋሻል። ከክሪስቶፈር ሃምፕተን ጋር የጻፉት ስክሪፕት በ2021 ኦስካር አገኘ፣ አንቶኒ ሆፕኪንስም በትወናው ወሰደ። መድረክ ላይ የነበረውን ቤት ካሜራ ብቻ ሊያየው በሚችል መንገድ አሳዩት ማለት ነው። ያንቺን ሳሎን አስቢው እስቲ። የልጅየው ድምፅ መልእክት ሲመጣ ማን የት ተቀምጦ ይሰማል? ማን ደጋግሞ ይከፍተዋል? ማን ሳይሰማ ያጠፋዋል? ሽንት ቤት ገብታ ብቻዋን የምትሰማ አትኖርም? ፊልምሽ እዚያ ውስጥ አለ።

ኮሜዲ ይሁን ያለውን ደግሞ በደፈናው አትግፊው። «ኮሜዲ» ሲባል አዋረዱኝ የሚል ጸሐፊ ብዙ አውቃለሁ። መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ» የጠለፋን ጋብቻ፣ በ«ያላቻ ጋብቻ» የመደብን ጣጣ አዳራሽ እያሳቀ አሳይቶናል፣ ሁለቱም ቀልድ አይደሉም። ያንቺ ቴአትርስ ሰው እየሳቀ አልነበር የሚያለቅሰው? ለሰውዬው «ሳቁ እዚሁ ሳሎን ውስጥ አለ፣ የሀብታም ልጅ አያስፈልገውም» ብለሽ ሁለት ትዕይንት ጽፈሽ አሳዪው። ካልገባው፣ ሳይገባው ገንዘቡን ያጠፋል እንጂ ያንቺን ታሪክ አይሠራም።

ገንዘቡ ላይ ግን ቆፍጠን በይ። ሙሉ መብት አትሽጪ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ። ሥራሽ ተመዘገበም አልተመዘገበም ከጻፍሽው ጊዜ ጀምሮ ይጠበቃል፣ ጥበቃው በሕይወት ሳለሽና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ነው፣ ልጆችሽም ይበሉበታል ማለት ነው። አዋጁ የማይጠብቀው ሐሳብን ነው። ካፌ ቁጭ ብለሽ የምትተርኪው አዲስ ታሪክ ሐሳብ ነው፣ ያ አየር ላይ ነው፤ ወረቀት ላይ የሰፈረው ተውኔትሽ ግን ንብረት ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ታሪክሽን ለዚህ ሰውዬ ማኪያቶ ላይ አትዘክዝኪለት።

ውሉ ላይ የምትሰጪው አንድ ፊልም የመሥራት መብት ብቻ ይሁን። የመድረኩ መብት ያንቺ ሆኖ ይቀራል፣ ነገ ሀዋሳ ወይ ባሕር ዳር ቴአትሩን ላሳይ የሚል ቢመጣ ፕሮዲዩሰሩን ማስፈቀድ የለብሽም። ተከታታይ ድራማ ላድርገው ቢል፣ ክፍል ሁለት ቢያምረው፣ ለብቻው ይነጋገር። ዩቲዩብን በስሙ አስጽፊው፣ ዛሬ ፊልም ሲኒማ ቤት ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ዓመታት የሚኖረው እዚያ ነው፣ የብዙ ጸሐፊ እንባም እዚያ ነው ያለው። ቀብድ ስትፈርሚ ተቀበይ። በተወሰነ ጊዜ ካልቀረጸው መብቱ ወደ አንቺ እንደሚመለስ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ተውኔትሽ መሳቢያው ውስጥ ይሻግታል። ስምሽ ፖስተሩ ላይና መጀመሪያው ላይ ይውጣ፣ እናትሽም መነጽሯን አድርጋ ትጠብቅ። «ቤተሰብ ነን» ሲልሽ «ቤተሰብም ውርስ ሲካፈል ይጽፋል» በይው፣ ሳቅ ብለሽ። ከመፈረምሽ በፊት ጠበቃ ያንብበው፣ ለሱ የምትከፍይው አይቆጭሽም።

የድራማውንም ውል አውጥተሽ እይው፣ ዛሬ ማታውኑ። በቅጥር ላይ ሆነሽ ለሥራው የጻፍሽው፣ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር፣ የገንዘብ መብቱ የአሠሪሽ ነው። ማታ ማታ ለራስሽ የምትጽፊው እዚያ ውስጥ እንዳይጠቃለል ግልጽ አድርጊ።

ሰውዬው በዚህ ሁሉ ካኮረፈ ያኩርፍ። እስከዚያ የፊልሙን ስክሪፕት ራስሽ ጻፊው፣ ያለ ላንጋኖ፣ ያለ ሀብታም ልጅ። ያለቀ ስክሪፕት ይዞ የሚመጣ ጸሐፊ ዋጋው ሌላ ነው፣ ለሱ ባይሆን ለሌላ ታሳይዋለሽ። ስትጨርሺ አንድ ኮፒ ለመምህርሽ ውሰጂላቸው። መቆጣታቸው ላይቀር ይችላል፣ ግን ቃለ ተውኔቱ የት ቦታ እንደረዘመ ከሳቸው በላይ የሚነግርሽ የለም።