ከጎረቤት መጋቢ ጋር ስለሚኖር ወዳጅነት፦ ለወጣት አገልጋዮች

ውድ ወጣት አገልጋዮች፣

ብዙዎቻችሁ እዚህ አሜሪካ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ መጥታችሁ አድጋችሁ፣ ዛሬ በባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ የወጣቶች መጋቢ ወይም ረዳት መጋቢ ሆናችሁ ታገለግላላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየአጋጣሚው ስንገናኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፣ ከነጩም ሆነ ከጥቁር አሜሪካዊው መጋቢ ጋር ከእሑድ ሰላምታ ያለፈ ወዳጅነት እንዴት እንደሚመሠረት ነው። በቃል የሰጠኋችሁ መልስ ሁልጊዜ ቁንጽል ስለሚሆንብኝ በጽሑፍ ማስቀመጡን መረጥሁ።

በቅድሚያ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው የቤተ ክርስቲያናችንን አስተዳደር ነው። እኛ ባፕቲስቶች ከበላያችን ጳጳስም ሲኖዶስም የለንም። መጋቢውን የሚጠራው ጉባኤው ነው፤ የሚያሰናብተውም ጉባኤው ነው፤ ማን አባል ይሁን የሚለውም በአባላት ድምፅ ይወሰናል። ስለዚህ የሁለት መጋቢዎች ወዳጅነት የዘርን ድንበር የሚሻገር ከሆነ የግል ጉዳያቸው ሆኖ ሊቀር አይችልም። ጉባኤውን ሳያሳውቅና ሳያሳትፍ በምሳ ግብዣ ብቻ የተወዳጀ መጋቢ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከኋላው የሚቆም ሰው አያገኝም።

ለዚህ ታሪካችን ምስክር ነው። የደቡብ ባፕቲስት ኮንቬንሽን፣ ማለትም የደቡቡ ነጭ ባፕቲስቶች ኅብረት፣ በ1845 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በኦገስታ፣ ጆርጂያ ሲመሠረት ከሰሜኑ ባፕቲስቶች የመለያየቱ ዋና ምክንያት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ሊላክ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ክርክር ነበር። ኮንቬንሽኑ ስለዚህ በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995፣ ከ150 ዓመት በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን ጥቁር ፕሬዚዳንት ፓስተር ፍሬድ ሉተርን የመረጠው ደግሞ በ2012 ነው። ጥቁሮቹ ባፕቲስቶች ግን ይህን ሁሉ ዘመን ደጅ ሲጠኑ አልኖሩም። የራሳቸውን ጉባኤያት አቋቁመው፣ በ1895 በአትላንታ ናሽናል ባፕቲስት ኮንቬንሽንን መሥርተው፣ መሪዎቻቸውን ራሳቸው መርጠዋል። አንዳንድ ነጭ ወንድሞች በቅን ልብ «በራችን ክፍት ነው፤ ለምን አይመጡም?» ሲሉ ስትሰሙ ይህን አስቡ። ያን ቤት ትቶ በእንግድነት ሌላ ቤት እንዲገባ የሚጠየቅ ሰው ምን እንደሚሰማው ለመረዳት ለእኛ ለሐበሾች የሚከብደን አይመስለኝም።

በአላባማ የምትገኘውን የበርሚንግሃምን ከተማ ታሪክ በጥንቃቄ አጥኑ። በሚያዝያ 1963 ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች ባወጡት መግለጫ የዘር መለያየትን የሚቃወመው የጥቁሮቹ ሰልፍ ጊዜውን ያልጠበቀ እንደሆነና በከፊል ከውጭ በመጡ ሰዎች እንደሚመራ ገልጸው፣ የከተማው ጥቁር ሕዝብ ድጋፉን እንዲነፍገው ጠየቁ። ከፈረሙት አንዱ የፈርስት ባፕቲስት መጋቢ ኧርል ስታሊንግስ ነበሩ። እኚሁ ሰው መግለጫው በወጣ በሁለተኛው ቀን፣ በፈረንጆች ፋሲካ፣ ጥቁር አምላኪዎችን በቤተ ክርስቲያናቸው ተቀብለው ከነጮች ጋር አብረው እንዲቀመጡ አደረጉ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከእስር ቤት በጻፉት ዝነኛ ደብዳቤ ለስምንቱም መልስ ሲሰጡ፣ ስታሊንግስን በስም ጠርተው ስለዚህ አመስግነዋቸዋል። እንግዲህ አስተውሉ፤ እኚህ ሰው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ በራቸውንም ከፍተዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ከተማ የቤቴል ባፕቲስት መጋቢ የነበሩት ፍሬድ ሸትልስዎርዝ በ1956 በገና ሌሊት ቤታቸው በፈንጂ ፈርሶባቸው ነበር። ሁለቱም ባፕቲስት ይባላሉ። የሁለቱ ወገን መጋቢዎች ከዚያ ፍንዳታ በኋላ በየሳምንቱ አብረው ተቀምጠው የሚጸልዩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ከስድስት ዓመት ግድም በኋላ «ጊዜው ገና ነው» የሚል ወረቀት ላይ መፈረም ይቻላቸው ነበር ወይ? እኔ አይቻላቸውም ነበር ባይ ነኝ።

የጉባኤ ድምፅ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ከጆርጂያ ሁለት ምሳሌ ልጥቀስ። ክላረንስ ጆርዳን የተባሉት የአዲስ ኪዳን ግሪክ ሊቅ በ1942 በአሜሪከስ ከተማ አቅራቢያ ኮይኖኒያ የተባለውን ነጭና ጥቁር አብሮ የሚሠራበትን እርሻ ከመሠረቱ በኋላ፣ በ1950 ቆዳው ጠቆር ያለ የሕንድ ተማሪ ለአምልኮ ይዘው በመምጣታቸው ምክንያት አባል የነበሩበት ጉባኤ በድምፅ አሰናበታቸው። በ1976 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት የጂሚ ካርተር ቤተ ክርስቲያን የነበረችው ፕሌይንስ ባፕቲስት፣ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሁለት ቀን ቀድሞ አንድ ጥቁር አገልጋይ አባል ልሁን ብሎ ሲመጣ የእሑዱን አምልኮ ሰረዘች። ከሁለት ሳምንት በኋላ አባላቱ ጥቁሮችን የሚከለክለውን ውሳኔ በድምፅ ሻሩት። በሩ እንዲከፈት የተከራከሩት መጋቢ ግን በቀጣዩ ዓመት ሥራቸውን ለቀቁ፤ ጉባኤውም ለሁለት ተከፈለ። ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ አይደለም፤ ዋጋውን አስቀድማችሁ እንድትተምኑ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ብዙዎቹ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት በዚህ አገር የጀመሩት የነጮችን ባፕቲስት አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ተከራይተው ነው። እኛም የተከራየንበት ጉባኤ አባላት ከሁሉ በፊት የጻፉልን ደብዳቤ ስለ ወጥ ቤቱ የቅመም ሽታ ነበር። ቆይቶ ከወጣቶቻችን አንዱ በመኪና አደጋ ሞተብን። ለቅሶው በቤተሰቡ ጋራዥ ውስጥ ሆነ። በመጀመሪያው ምሽት የሰፈሩ ጥቁር ባፕቲስት መጋቢ ከዲያቆናቸው ጋር በፒክአፕ መኪና ታጣፊ ወንበር ጭነው መጡ፤ ማንም ሳይጠይቃቸው ደርድረው ከኋላ ተቀመጡ፤ ንፍሮም ሲዞር እንደ ሰው ዘግነው በሉ። አዳራሹን ያከራዩን ነጭ መጋቢ ደግሞ ስልክ ደውለው ፕሮግራሙ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁኝ። ሰዓት የለውም፣ ዝም ብለው ይምጡ አልኋቸው። በማግሥቱ መጥተው ከምሽቱ እኩሌታ በላይ ያለ ንግግር ተቀመጡ፤ ከጥቁሩ መጋቢ ጋርም ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩት እዚያው ነው፤ በአንድ ሰፈር ለዓመታት ሲያገለግሉ ኖረው ማለት ነው። የወጥ ቤቱን ነገር በአባላት ስብሰባ ላይ አንሥተው ስለ እኛ የተከራከሩት ከዚያ ወዲህ ነበር። ወዳጅነት ጉባኤ ፊት ቆሞ ሲከራከር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ እናንተን የሚያገኛችሁ እሱ ይመስለኛል። ነጭ ጉባኤ አንዳንድ ጊዜ ከጥቁር አሜሪካዊው ይልቅ ከአፍሪካ የመጣውን አገልጋይ ማቅረብ ይቀለዋል፤ እኛ ያን የባርነትና የመለያየት ታሪክ ይዘንበት አንመጣምና። «እናንተ ከእነሱ ትለያላችሁ» ሲባል እንደ ሙገሳ የሚቀበል ሐበሻ ጥቂት አይደለም፤ በየቡናው ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምንናገረውንም እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ይህን ሙገሳ በትሕትና፣ ነገር ግን በግልጽ መልሱት። የሲቪል መብት ትግሉ በበረታበት ዘመን፣ በ1965፣ የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውን ኮታ ባይሽር ኖሮ ስንቶቻችን እዚህ እንገኝ ነበር? ያን ትግል ከመሩት አብዛኞቹ ከጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ወጥተው የመጡ ነበሩ። ስለዚህ በነጩና በጥቁሩ መካከል እንደ ገለልተኛ ሽማግሌ አትቁሙ፤ የጥቁሩ መጋቢ የውለታ ባለዕዳዎች ነን።

የመድረክ ልውውጥን አልቃወምም፤ ነገር ግን በዓመት አንድ እሑድ ተለዋውጦ ሰብኮ ፎቶ ተነሥቶ መለያየት ከምንም አይሻልም ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። ይልቅስ ሜከን፣ ጆርጂያ ውስጥ በአንድ ትንሽ መናፈሻ ብቻ የሚለያዩት ሁለቱ ፈርስት ባፕቲስት፣ አንዱ የጥቁር አንዱ የነጭ፣ ያደረጉትን ተመልከቱ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አንድ ጉባኤ ነበሩ፤ ጥቁሮቹም አባላት የነጮቹ ባሮች ነበሩ። በእኛ ዘመን መጋቢዎቻቸው ተዋውቀው ሲቀራረቡ ነገሩን በሁለቱ መካከል አላስቀሩትም፤ ጉባኤዎቹ አብረው ለመሥራት በቃል ኪዳን ተሳሰሩ። አልተዋሐዱም፤ መዋሐድም አላስፈለጋቸውም።

በመጨረሻ የምጨምረው ስለ መልቀቅ ነው። ባፕቲስት መጋቢ ጥሪ ሲመጣለት ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ እሱ ሲሄድ የእሱ ወዳጅነት አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ገና እያላችሁ ዲያቆናታችሁን ከእነሱ ዲያቆናት፣ የወጥ ቤት እናቶቻችሁን ከእነሱ እናቶች ጋር አገናኙ። የስቅለት ጸሎት አብሮ የሚደረግ ከሆነ በማን አዳራሽ፣ በማን ወጪ፣ ማን ለማን ደውሎ እንደሚደረግ በአባላት ስብሰባ አስወስናችሁ በቃለ ጉባኤ አስመዝግቡ። ተተኪያችሁ ሲመጣም ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ይዛችሁት ወደ ጎረቤት መጋቢው ቤት ሂዱ።