ባጃጅ ላይ የሚያንቀላፋው ሕፃን

ጥያቄ፦ የ5 ወር ልጄን ታቅፌ በባጃጅ ገበያ ስሄድ እንቅልፍ ይወስደዋል። ወርጄ ላዝለው ስል ይነቃና ሲነጫነጭ ይውላል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ የሚቀሰቅሰው የገበያው ጫጫታ ሳይሆን ከእቅፍ ወደ ጀርባ ሲገላበጥ ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃን ከነቃ ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ይደክመዋል፤ ጠዋት 1 ሰዓት ከተነሳ 3 ሰዓት አካባቢ ዓይኑን ማሸት ይጀምራል። ወይ ከዚያ በፊት ደርሰው ይመለሱ፣ ወይ ቤት አስተኝተውት ሲነቃ ይውጡ። መንገድ ላይ መተኛቱ ካልቀረ ግን ከመነሻው በደረትዎ አንግበውት ይሳፈሩ፤ ሲወርዱ የሚፈታ ነገር አይኖርም። ደረት ላይ ሲሆን ፊቱም ይታይዎታል። አገጩ ደረቱ ላይ ከተጣበቀ አየር ያጥረዋልና ቀና ያድርጉት፣ አፍንጫው በልብስ አይሸፈን።

ፀሐይ ሲበረታ ነጠላ ፊቱ ላይ መጣል የተለመደ ነው፤ ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝበት አንወደውም። ጃንጥላ ይሻላል። አንገቱ ስር በላብ ከረጠበ አንድ ልብስ ይቀንሱለት።

ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢተኛ አይጨነቁ፣ ቀጣዩን እንቅልፍ ትንሽ ቀደም ያድርጉለት። ጣና ዳር ካመሹ ግን ከ12 ሰዓት በፊት ይግቡ፤ የወባ ትንኝ የሚበረታው ከዚያ ወዲህ ነው።